ለአዲስ መጪ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ

(በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር አበርካቾች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት የቃላት ማስተካከያ በስተቀር እንደተነገረ የቀረበ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የተከበራችሁ በጎ ፈቃደኞች፣ እንዲሁም ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በመካከላችን የተገኛችሁ አዲስ መጪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ!

ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። በቅርቡ የመጀመሪያ ኮዳችሁን ለአንድ ክፍት ምንጭ ፕሮጀክት፣ ማለትም ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው ለሚችል ፕሮጀክት፣ የላካችሁ እስኪ እጃችሁን አንሡ። ጥሩ፤ አመሰግናለሁ፤ እንዳታወርዱት። አሁን ደግሞ ከሰው መልስ ያላገኛችሁ እጃችሁን አውርዱ። ይኸው! አዘጋጆቹ ስለ አዲስ አበርካች አቀባበል እንድናገር ሲጠይቁኝ ልናገር ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። እዚሁ ላይ ጨርሼ ብወርድ ቅር አይለኝም፤ ነገር ግን የሰጡኝ ሰዓት ገና ብዙ ነው።

ንግግሬ በአብዛኛው ለነባሮቹ ነው። አዲስ መጪዎች ግን ጆሯችሁን አትንፈጉኝ፤ ከእኛ ምን መጠበቅ እንደሚገባችሁ የምትሰሙት እዚህ ነውና። ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ፦ አዲሱ ሰው እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ምን እንዳለፈ፣ የመጀመሪያው መልሳችን ምን ሊመስል እንደሚገባ፣ በመጨረሻም እምነት እንዴት በደረጃ እንደሚሰጥ። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የመጣሁበት ጉዳይ እሱ ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሣ። አንድ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ይህን ለውጥ ሠርቻለሁ፤ ተመልክታችሁ ከዋናው ኮድ ጋር አዋህዱልኝ» የሚል ጥያቄ ሲመጣልን እኛ የምናየው ጥቂት መስመሮችን ነው። የተጨመረው በአረንጓዴ፣ የተቀነሰው በቀይ። ከዚያ በስተጀርባ ያለውን ድካም ግን አናይም።

ያ ሰው ፕሮግራማችንን ሲጠቀም አንድ ስህተት አገኘ። ሌላው ቢሆን ተበሳጭቶ ይዘጋዋል፤ እሱ ግን ኮዱን አወረደ። የመጫኛ መመሪያችንን አንብቦ እንደ ታዘዘው ሞከረ፤ አልሠራም። ለምን? መመሪያው ከተጻፈ ቆይቷል፤ የሚጠቅሰው ላይብረሪ (ፕሮግራሙ የሚገለገልበት ሌሎች የጻፉት ኮድ) ስሪቱ ተቀይሯል። የስህተት መልእክቱን ገልብጦ ኢንተርኔት ላይ ፈለገ፤ ካንዱ ስፍራ መላ አገኘና ቀጠለ። ከብዙ መቶ ፋይሎች መካከል ስህተት ያለበትን አንድ መስመር አድኖ ያዘ፤ አስተካከለው። ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚያጣሩትን ፍተሻዎች አስኬደ፤ ጨርሶ ያልነካቸው ሁለት ፍተሻዎች ወደቁ። «እኔ አበላሽቼ ይሆን?» ብሎ ተጨነቀ። የራሱን ለውጥ አንሥቶ ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም ወደቁ። ለካ ድሮም የሚወድቁ ናቸው! ይህን እኛ ሁላችንም እናውቃለን፤ የትም ግን አልጻፍነውም። ከዚያ ኮሚቱ ላይ፣ ማለትም ከለውጡ ጋር በሚመዘገበው መግለጫ ላይ፣ ምን ብሎ እንደሚጽፍ አሰበ፤ ስሙ በአደባባይ የሚቀመጥበት ጽሑፍ ነውና ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ጻፈ። አዝራሩን ተጫነ።

ከዚያስ? በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መልስ መጣለት። ደስ ብሎት ሲከፍተው የመለሰለት ማሽን ነው፤ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም። «በ42ኛው መስመር መጨረሻ ላይ ትርፍ ክፍት ቦታ አለ» ይላል። ሌላ ማሽን ተከተለ፦ «የአበርካቾችን ስምምነት ስላልፈረሙ ጥያቄዎ ሊታይ አይችልም።» ሦስተኛው ደግሞ ቀይ ምልክት ለጠፈበት። ከዚያ በኋላ ጭጭ። ሰንበት ብሎ አራተኛው ማሽን መጣና «እንቅስቃሴ ስላልታየበት ተዘግቷል» አለው።

ወገኖቼ፣ እንቅስቃሴ ያላደረገው ማን ነው? እሱ ነው ወይስ እኛ?

ማሽን እንዳልጠላ ይታወቅልኝ። ትርፍ ክፍት ቦታ ሲለቅም የሚውል ሰው አልፈልግም፤ እሱን ማሽን ይልቀም። የስምምነቱም ነገር ቢሆን ምክንያት አለው፤ ኮዱ የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። የሊኑክስ ስርዓተ ክወናን እምብርት፣ ከርነሉን፣ የሚሠሩት ሰዎች እንኳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ እያንዳንዱ አበርካች ኮዱን የማቅረብ መብት እንዳለው በስሙ እንዲያረጋግጥ ያደርጋሉ፤ አንዲት መስመር ናት፣ ወረቀት የለው፣ ፊርማ የለው። የምከራከረው ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ሰው ሳይናገር በመቅረቱ ነው።

መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ ምን ይከተላል? አንዳንዴ ሰዎቹ ሄደው የራሳቸውን ቤት ይሠራሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሰፊው ይሠራበት የነበረው የድረ ገጽ ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጾችን ለጎብኚዎች የሚያቀርበው ፕሮግራም፣ ኤንሲኤስኤ ከተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል የወጣ ነበር። ዋናው ሠሪው በ1994 ማዕከሉን ሲለቅ ሥራው ቆመ። በየቦታው የነበሩ የድረ ገጽ አስተዳዳሪዎች ግን ስህተቶቹን በየራሳቸው ያርሙ ነበር፤ እርማታቸውን የሚቀበላቸው ብቻ ታጣ። ስምንት ሰዎች በኢሜይል ተገናኙ፤ እርማቶቹን ሰበሰቡ፤ በ1995 አፓቼ ብለው አወጡት። ዓመት ሳይሞላው ከድረ ገጽ ሰርቨሮች ሁሉ በብዛት የሚሠራበት እሱ ሆነ። ያ ሁሉ ጉልበት ቀድሞም ነበር፤ የሚያስተናግደው ግን አልነበረም።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልሻገር፤ ወደ መልሱ።

ስለ ፍጥነት ልጀምር። ፋየርፎክስን የሚሠሩት የሞዚላ ሰዎች የራሳቸውን አበርካቾች ታሪክ መርምረው ነበር። ያገኙት እንዲህ የሚል ነው፦ የመጀመሪያ ኮዳቸው በ48 ሰዓት ውስጥ የተገመገመላቸው ሰዎች ተመልሰው የመምጣታቸው ነገር እጅግ የሚያስገርም ነው፤ ከ7 ቀን በላይ የጠበቁት ግን ከነአካቴው አይመለሱም ማለት ይቻላል። ልብ በሉ፤ «ኮዳቸው ተቀባይነት ያገኘ» አይልም። «የተገመገመላቸው» ነው የሚለው። ሰው እምቢ ስለተባለ አይሸሽም። የሚሸሸው እንዳልነበረ ስለተቆጠረ ነው።

48 ሰዓት! ብዙዎቻችሁ ፊታችሁን ስታጨፈግጉ አያለሁ። «እኛም እኮ በጎ ፈቃደኞች ነን፣ ሥራ አለን፣ ልጆች አሉን» ልትሉኝ ነው። እውነት ነው። ማንም በ48 ሰዓት ውስጥ ሙሉ ግምገማ ጨርሱ አላላችሁም። መልስ ስጡ ነው የምለው። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ፤ ለዚህም የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ።

እኔ ራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮድ የላክሁት በፋይሎች ስም ላይ ለሚሠራ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነበር። ያን ጊዜ ተማሪ ነኝ። የመጣልኝን መልስ ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ይላል፦ «እናመሰግናለን። ስህተቱን በእኔም ኮምፒውተር ላይ አይቼዋለሁ። ማስተካከያዎ በሊኑክስ ላይ በትክክል ይሠራል። ዊንዶውስ ግን በተለምዶ የፋይል ስምን በትልቅና በትንሽ ፊደል ስለማይለይ እዚያ ላይ ችግር ይገጥመዋል፤ ይህን የሚያሳይ ፍተሻ ከታች አስቀምጬልዎታለሁ። ሐሙስ ማታ ተመልሼ አየዋለሁ።»

ኮዴ አልገባም እኮ! እምቢ ነው የተባልሁት። ነገር ግን እስኪ መልሱን ገልጠን እንየው። «ስህተቱን በእኔም ኮምፒውተር ላይ አይቼዋለሁ» አለ። አመነኝ ማለት ነው፤ ስህተቱን ያለምኩት አይደለም። «በሊኑክስ ላይ በትክክል ይሠራል» አለ፤ የሠራሁትን ከቀረኝ ጉድለት ለይቶ አስቀመጠልኝ። ከዚያ የቀረውን ነገረኝ፤ ነግሮኝም አልተወኝም፣ የምሞክርበትን ፍተሻ በእጄ ሰጠኝ። ከሁሉም በላይ ግን «ሐሙስ ማታ» አለ። ቀን ቆረጠ። ቀን ሲቆረጥ ሰው ይጠብቃል፤ «በቅርቡ» ሲባል ግን ተስፋ ይቆርጣል። ደግሞም ሐሙስ ማታ በእርግጥ ተመልሶ አየው። ያን መልስ ለመጻፍ ስንት ጊዜ ወስዶበት ይሆን? ፍተሻውን ጨምሮ ከሩብ ሰዓት እንደማይበልጥ እገምታለሁ።

ለማነጻጸር ያህል ሌላ መልስ ላንብብላችሁ፤ የየትኛው ፕሮጀክት እንደሆነ አልናገርም። «ይህ ስህተት ነው። መመሪያውን ያንብቡ።» አለቀ። እስኪ ንገሩኝ፤ የቱ ስህተት ነው? የትኛው መመሪያ? ስንተኛው ገጽ? እንዲህ የሚጽፉ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፣ ደክሟቸው ነው። ነገር ግን ጽሑፍ ድካምን አያሳይም፤ ንቀትን ብቻ ነው የሚያሳየው። ኮዱ መጥፎ ከሆነ «ኮዱ በዚህ ምክንያት አይሆንም» ይባላል፤ ሰውየውን ምን አመጣው? በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ለብዙ ዓመታት የነበረውን ኃይለ ቃል ሁላችሁም ሰምታችኋል። የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በሴፕቴምበር 2018 ስለሚጽፋቸው ኢሜይሎች በአደባባይ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል ብሎ ነበር። እሱ ይህን ካደረገ ሌላው በምን አፉ «የሙያው ባህል ነው» ይላል?

የሚገርመው ደግሞ ይኸው ቶርቫልድስ መልካም አቀባበል ምን እንደሚመስል በአንድ ዐረፍተ ነገር አሳይቶን የነበረ መሆኑ ነው። ኦገስት 25 ቀን 1991 የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ አንድ አጭር መልእክት ጻፈ። ስርዓተ ክወና እየሠራ እንደሆነ፣ ነገሩ ለመዝናኛ ያህል እንጂ ትልቅ እንደማይሆን ተናገረና ሰዎች ምን ቢኖረው እንደሚወዱ ጠየቀ። ማንኛውንም ሐሳብ እንደሚቀበል፣ እፈጽመዋለሁ ብሎ ግን ቃል እንደማይገባ ጨመረበት። አያችሁ? ግቡ አለ፤ የማይችለውንም አልደበቀም። ትልቅ አይሆንም ያለው ነገር የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ዛሬ በየ9 እና 10 ሳምንቱ በሚወጣው እያንዳንዱ የከርነል እትም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮድ የሚያስገቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ200 በላይ ናቸው። አንዴ ብቻ መጥተው የሚሄዱ ብዙ አሉባቸው፤ ይሁንና ይመጣሉ።

አንዴ መጥቶ ስለ መሄድ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ወጣት ለፕሮጀክታችን የመጀመሪያ ሥራው አድርጎ ዘጠኝ መቶ ያህል መስመር ላከልን። ቀን የሚያነብበውን ክፍል፣ ቅንብሩን፣ የፋይሎቹን አደረጃጀት ሁሉ እንደገና ጽፎታል። ከእኛ መካከል አንዱ «ዝጋው፤ ማን ያነበዋል?» አለ። እኔ ግን አነበብሁት፤ የሚቆረቁር ሥራ ነበር፣ አልደብቃችሁም። ከዚያ ሁሉ መካከል ግን ቀን በሚያነብበው ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት መስመር አገኘሁ፤ ፌብሩዋሪ 29ን በተመለከተ ለረጅም ጊዜ ያስቸገረንን ነገር ያቃናል። «ይህን ለብቻው ላክልኝ፤ ዛሬውኑ አስገባዋለሁ። ሌላውን የማንቀበለው ደግሞ አሁን ባለው ቅርጽ ላይ የተመሠረቱ ሌሎች ሰዎች ስላሉ ነው» አልሁት። ላከ፤ ገባ። ልጁ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ኪሳራ ነው? በጭራሽ! መስመሮቹ ዛሬም እየሠሩ ነው። የመጣ ሁሉ እዚሁ ካልቆየ ብለን የምናኮርፍ ከሆነ በጎ ፈቃድ የሚለውን ነገር ረስተነዋል። ሰው ያለውን ሰጥቶ በሰላም መሄድ መቻል አለበት።

እዚህ ላይ «ታዲያ የመጣውን ሁሉ ልናስተናግድ ነው?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በፍጹም። ሃክቶበርፌስት የተባለውን ዓመታዊ ዘመቻ ታስታውሳላችሁ፤ አራት ፑል ሪኩዌስት ለላከ ካናቴራ ይሰጥ ነበር። በ2020 የሆነውን እኔ አልረሳውም፤ መግቢያ ጽሑፍ ላይ «ድንቅ ፕሮጀክት» የምትል ቃል ጨምሮ የሚልክ ሰው ጎረፈ። አዘጋጆቹ በዚያው ወር ደንቡን ቀይረው ፈቃደኛ ለሆኑ ፕሮጀክቶች የተላከ ብቻ እንዲቆጠር አደረጉ። ዛሬ ደግሞ የባሰ መጥቷል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ፣ ሲያዩት የተማረ ሰው ሥራ የሚመስል፣ ሲመረምሩት ባዶ የሆነ ሪፖርት። በኢንተርኔት መረጃ የሚያስተላልፈውን ከርል የተባለ መሣሪያ የሚመራው ዳንኤል ስተንበርግ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በዚህ ጉዳይ በይፋ ሲያማርር ቆይቷል፤ ልክ ነው።

ታዲያ እውነተኛውን አዲስ መጪ ከዚህ በምን እንለየው? እኔ የምሠራበት መንገድ ቀላል ነው፤ እጠይቃለሁ። «ይህን ስህተት ያገኙት ምን ሲሠሩ ነው?» እላለሁ። እውነተኛው ሰው ይህን ጥያቄ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ የሠራውን፣ የተቸገረበትን፣ ያልገባውን ጭምር ይዘረግፈዋል። ያለ ዕውቀት የገለበጠው ወይ ይጠፋል፣ ወይ ሌላ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ገልብጦ ይልካል። ያን ጊዜ ያለ ጸጸት ይዘጋል። አንዲት ጥያቄ ናት፤ ሰውን ሳታዋርድ ታጣራለች።

ለአዲስ ሰው ስለሚተው ሥራም ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ይህ የሚያናድደኝ ጉዳይ ነው። በየፕሮጀክቱ «ለጀማሪ የሚሆን» የሚል ምልክት የተለጠፈባቸው ሥራዎች አሉ። ክፈቷቸው። አንዱ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ነው፤ የሚያወራለት ፋይል ዛሬ የለም። ሌላው ላይ ብዙ ሰዎች «እኔ ልሥራው?» ብለው ተሰልፈዋል፤ የመለሰላቸው የለም። ሦስተኛው ቀላል ነው የተባለው ለጻፈው ሰው ብቻ ነው። ሊብሬኦፊስ የተባለውን የቢሮ ሥራ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች በዚህ ረገድ ይመሰገናሉ፤ ለጀማሪ የሚተዉት ሥራ ላይ ኮዱ የትኛው ስፍራ እንደሚገኝ ይጠቁማሉ። ፋይሉን ጥቀሱ፤ ሲያልቅ ምን መሆን እንዳለበት ጻፉ፤ ማን እንደሚጠየቅ ተናገሩ። አደራችሁን ደግሞ፣ ቀላሏን ስህተት ባያችሁ ቁጥር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ራሳችሁ አቃንታችሁ «ጨረስኩ» አትበሉ! ተዉአት። እናንተ ከባዱን ሥሩ። ሰነድ መጻፍ፣ መተርጎም፣ የስህተት ሪፖርት ማጣራትም ሥራ ነው፤ ይህን ዛሬ መናገር ያስፈልጋል ብዬ ስለማላምን አልፈዋለሁ።

ሦስተኛው ነጥቤ እምነት ነው። «ሰውን ሁሉ በደስታ ተቀበሉ ትለናለህ፤ የኤክስዜድንስ ነገር ረሳኸው?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። አልረሳሁትም። ለማታውቁት ላስታውሳችሁ። ኤክስዜድ ፋይል የሚያጨምቅ፣ በአብዛኛው የሊኑክስ ስርዓት ውስጥ ያለ መሣሪያ ነው። ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሩንድ የተባለ፣ ፖስትግሬስ በሚባለው የመረጃ ቋት ላይ የሚሠራ ባለሙያ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞቹ ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተር በስውር የሚገባበት ቀዳዳ፣ ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ያገኘውም ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚገባበት ጊዜ በግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። የኋላ በሩን ያስገባው «ጂያ ታን» በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ መልካም ሥራ ሲሠራ፣ ሲመሰገን፣ በመጨረሻም እትም የማውጣት ሥልጣን የተሰጠው አበርካች ነበር።

ብዙ ሰዎች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት «አዲስ ሰው አትመኑ» የሚል ነው። እኔ ነገሩን ገልብጬ ነው የማየው። ያ መሣሪያ ለረጅም ጊዜ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ሰውየው ደክሞት ነበር፤ መድከሙንም በግልጽ ጽፎ ነበር። በ2022 ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች «ሥራው ዘገየ፣ ሌላ ሰው ጨምር» እያሉ ወጠሩት። በዚያ ጊዜ አጠገቡ አምስት ሌሎች እውነተኛ አበርካቾች ቢኖሩ ኖሮ አንድ ስም ብቻውን ያን ያህል ሥልጣን ባልያዘ ነበር፤ ያስገባውንም የሚያነብ ሁለተኛ ዓይን በተገኘ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል በየስብሰባችን እንሰማለን፤ ሃምሳው ሰው ከየት እንደሚመጣ ግን አይነገርም። አንድ በአንድ ነው የሚመጣው፤ እያንዳንዱም በመጀመሪያው ቀን የማናውቀው ሰው ነው።

ስለዚህ መልካም ፊት ለሁሉም እኩል ይታያል፤ ቁልፍ ግን በደረጃ ይሰጣል። መጀመሪያ ኮድ ይልካል፣ ቀጥሎ ሪፖርት ያጣራል፣ ቀጥሎ የሌላውን ኮድ ይገመግማል፣ ከዚያ ነው የማስገባት ፈቃድ። ፈቃድ ያለውም ሰው ቢሆን፣ እኔንም ጨምሮ፣ የራሱን ኮድ ሌላ ሰው ሳያነብለት ማስገባት የለበትም። ደረጃዎቹም ተጽፈው ይቀመጡ፤ አዲሱ ሰው የት እንዳለና ቀጥሎ ምን እንዳለ ይወቅ።

ለአዲስ መጪዎች ሁለት ቃል ብቻ። ሳምንት ቆይታችሁ መልስ ካላገኛችሁ እንደገና ጠይቁ፤ አስቸገርኩ ብላችሁ አትሳቀቁ። ስንት ሰዓት እንዳላችሁም በግልጽ ተናገሩ፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ያለው ሰው አንድ ሰዓት አለኝ ካለ እንደዚያው እናስባለን። የጀመራችሁትን መጨረስ ካልቻላችሁም «አልቻልሁም፤ ሌላ ሰው ይውሰደው» ብላችሁ ጻፉ። ማንም አይቀየማችሁም፤ የሚቀየም ካለ ለእኔ ንገሩኝ።

አሁን ወደ ተግባር። በእኛ ፕሮጀክት ከዛሬ ጀምሮ የሳምንት ተረኛ እንዲኖር ከአስተባባሪዎቹ ጋር ተስማምተናል። ተረኛው በዚያ ሳምንት አዲስ ኮድ አይጽፍም፤ ሥራው አንድ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ሰው ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ በራሱ ቃል መልስ መስጠት፣ መልሱን የሚቀጥለውን ሰው መፈለግና ቀን ማስቆረጥ። ከእንቅስቃሴ ማጣት የተነሣ የሚዘጋውንም ማሽን አጥፍተነዋል፤ ትናንት ማታ። የመጀመሪያው ሳምንት ተረኛ እኔ ነኝ። የቀጣዮቹ ሳምንታት ዝርዝር እዚያ በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስማችሁን የምትጽፉበት እስክሪብቶም አብሮ አለ። ቅድም እጃቸውን ያወረዱት ሰዎች መጀመሪያ ይጠይቁኝ፤ ነባሮቹ ትንሽ ጠብቁ።